ለአዲስ የቤት ኮምፒውተር ነፃ ጸረ-ቫይረስ፦ የትኛው፣ በምን ዋጋ?

በቶሮንቶ አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ ካርቶኑን የከፈተ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ውሎ ሳያድር አንድ ማስጠንቀቂያ በስክሪኑ ጥግ ብቅ ሲል ያያል፤ ኮምፒውተሩ ለአደጋ መጋለጡን፣ የሙከራው ጊዜም ሊያበቃ መቃረቡን የሚያረዳ። መልእክቱን የሚልከው አምራቹ አስቀድሞ የጫነው የማካፊ ወይም የኖርተን የሙከራ ቅጂ ሲሆን፣ የሚፈልገውም በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ ነው። ክፍያውን የማይሻ ሰው «ነፃ ጸረ-ቫይረስ» እያለ በኢንተርኔት መፈለግ ይጀምራል። አንዳንዴ አደጋው የሚጀምረው ከዚሁ ፍለጋ ነው፤ ጸረ-ቫይረስ መስለው የሚቀርቡ አደገኛ ፕሮግራሞች ዘመን ካስቆጠሩት የማታለያ ዘዴዎች መካከል ናቸውና።

መልሱ ግን ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ኮምፒውተር የራሱን ጸረ-ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የሚባለው ይህ ፕሮግራም ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅም። ቀደም ባሉት ዓመታት ደካማ ነው እየተባለ ይተች ነበር፤ ዛሬ ግን በጀርመን ማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ-ቴስትና በኦስትሪያ ኢንስብሩክ የሚገኘው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ በሚያካሂዷቸው ፈተናዎች ከሚከፈልባቸው ምርቶች ጎን የሚቆም ውጤት ያስመዘግባል። ሌላ ጸረ-ቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ቦታውን ለቆ ያርፋል። ስለዚህ ክፍያ ለመቀጠል ያላሰበ ሰው የሙከራ ቅጂውን ጊዜው እስኪያልፍ ከማቆየት ይልቅ ማራገፍ፣ ከዚያም «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ገጽ ከፍቶ ዲፌንደር ሥራውን መረከቡን ማየት ይበቃዋል። የአፕል ማክ ኮምፒውተሮችም ኤክስፕሮቴክት የሚባል መጠነኛ ጠባቂ በውስጣቸው አላቸው።

ጸረ-ቫይረስ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው ቢባል ብዙም አያሳስትም። በአንድ በኩል የታወቁ ሌቦችን መልክ የያዘ መዝገብ አለው፤ አዲስ ፋይል በደረሰ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፤ መዝገቡ በየጊዜው መታደስ ያለበትም ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል መልኩን የማያውቀውን እንግዳ በጠባዩ ይመዝናል፤ አንድ ፕሮግራም በድንገት ፋይሎችን በጅምላ መቆለፍ ከጀመረ፣ ስሙን ባያውቀውም ሊያስቆመው ይሞክራል። ከአዲስ አበባ ፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ ተሳፍሮ ካናዳ ለሚገባው፣ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት ለሚደረድረው ዓይነት አሮጌ ቫይረስ ይህ ጥበቃ በቂ ነው።

ከዲፌንደር ሌላ መምረጥ የሚሻ ሰው የሩማኒያው ቢትዲፌንደር፣ ከቼክ ሪፐብሊክ የመጡት አቫስትና ኤቪጂ፣ የጀርመኑ አቪራ ነፃ ቅጂዎች ይቀርቡለታል። ምርጫው እንደሚመስለው ሰፊ አይደለም፤ አቫስት፣ ኤቪጂ፣ አቪራና ኖርተን ዛሬ ጄን ዲጂታል በተባለ አንድ ኩባንያ ሥር ናቸው። «ነፃ» የሚለው ቃልም መመርመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የጋዜጠኞች ምርመራ፣ አቫስት ተጠቃሚዎቹ የጎበኟቸውን ድረ-ገጾች ታሪክ ሰብስቦ ጃምፕሾት በተባለ በሥሩ ባለ ድርጅት በኩል ሲሸጥ እንደነበር አጋለጠ። ጃምፕሾት ወዲያው ተዘጋ። የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽንም በ2024 አቫስት 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና እንዲህ ያለውን መረጃ ለማስታወቂያ ከመሸጥ እንዲታቀብ አደረገ። ሌባ እንዲጠብቅ የተቀጠረው ዘበኛ የቤቱን ገመና ሲቸረችር ነበር ማለት ነው።

የሩሲያው ካስፐርስኪ ጉዳይ ይለያል። የካናዳ መንግሥት በ2023 ለሠራተኞቹ ከሰጣቸው ስልኮች እንዲወገድ አዘዘ፤ አሜሪካ ደግሞ በ2024 ሽያጩን በአገሯ ከለከለች። የካናዳው ትእዛዝ ግለሰቦችን አይመለከትም፤ ይሁንና እኩል አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ እያለ ይህን መምረጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ግልጽ አይደለም።

ለኢትዮጵያውያን ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ነው። በፕሮፌሰር ሮናልድ ዲበርት እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በ2013 ባወጣው ዘገባ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፎች ማጥመጃ አድርጎ መሰራጨቱንና ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ይገናኝ እንደነበር ገለጸ። ዘገባው በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሶፍትዌሩ በአሜሪካ ሜሪላንድ ከሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የቤት ኮምፒውተር መወገዱ በኋላ ታወቀ። «ኪዳኔ» በሚል የስውር ስም በ2014 በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ የመሠረተው ይህ ሰው ባቀረበው አቤቱታ መሠረት፣ ሰላዩ ከኢሜይል አባሪ ፋይል ተነሥቶ ገብቶ ለወራት የስካይፕ ንግግሮቹን ቀድቷል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ያደረገው ፍለጋ እንኳ ከተቀዱት መካከል ነበር። ክሱ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥታትን ያለመከሰስ መብት ጠቅሶ ውድቅ አድርጎታል።

ያው ተቋም በ2014፣ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የሚሸጠው የስለላ ሶፍትዌር በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ መነጣጠሩን አጋለጠ፤ በአንድ ቀን በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሦስት ሙከራ ተደርጎ ነበር። በ2017 ደግሞ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ምርት በኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ በነበሩት በአቶ ጃዋር መሐመድና በሌሎች ላይ መዋሉን ዘገበ። የዚህኛው ማጥመጃ ለጉዳያችን ቅርብ ነው፤ የሚልኩት አገናኝ ወደ ሐሰተኛ የቪዲዮ ድረ-ገጽ ይወስድና ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን ማደስ ያስፈልጋል ይላል። «ማደሻው» ራሱ ሰላዩ ነበር።

እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች በገበያ ላይ ባሉ ጸረ-ቫይረሶች እየተፈተኑ፣ እንዳይታዩ ሆነው የሚሠሩ ናቸው። በመዝገቡ የሌለን ሌባ ዘበኛው በመልኩ አይለየውም። አብዛኛው ቤተሰብ የመንግሥት ሰላይ ዒላማ አይደለም፤ ዘዴው ግን ተራ አጭበርባሪዎችም የሚጠቀሙበት ነው። በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ በሩን ያስከፈተው ተጠቃሚው እንዲነካው የተጋበዘው ፋይል ወይም አገናኝ ነበር። ስለዚህ ከጸረ-ቫይረሱ ምርጫ ይበልጥ ክብደት ያለው ሌላ ነገር ነው፦ ማደሻዎችን ከራሱ ከፕሮግራሙ ወይም ከዊንዶውስ ብቻ መቀበል፤ የሚያውቁት ሰው የላከው የሚመስል ያልተጠበቀ ፋይል ሲደርስ ደውሎ መጠየቅ፤ ለልጆች ፕሮግራም መጫን የማይፈቅድ የተለየ አካውንት መክፈት። የአማርኛ መጻፊያ ፍለጋ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር የተሰበረ ቅጂ መጫንም አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ በቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ የአማርኛ ኪቦርድ አለው።

በካናዳ ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ነፃ አማራጭ አለ። የካናዳን የኢንተርኔት አድራሻዎች የሚያስተዳድረው ሲራ በ2020 ያስጀመረው ካናዲያን ሺልድ፣ ኮምፒውተሩ ወደታወቁ አጭበርባሪና ቫይረስ አሰራጭ ድረ-ገጾች ሲያመራ አድራሻውን ከመፈለግ ደረጃ ላይ ያግደዋል። በቤቱ ራውተር ላይ አንዴ ከተስተካከለ በዋይፋዩ የሚገናኙትን ስልኮች ጭምር ይሸፍናል።

ይህም ሁሉ አልፎ የሚገባ አለ። በጥቅምት 2023 የቶሮንቶ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በቤዛ ጠያቂ ሶፍትዌር ተመትቶ፣ ቅርንጫፎቹ ክፍት ቢሆኑም ድረ-ገጹና ለሕዝብ የሚያገለግሉት ኮምፒውተሮች ለወራት ተቋርጠው ነበር። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ቤት ከገባ፣ የቤተሰብ ፎቶዎችንና የኢሚግሬሽን ሰነዶችን የሚያተርፋቸው በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ነው። ቅጂውን የያዘው ተንቀሳቃሽ ዲስክ ቀድቶ እንደጨረሰ ከኮምፒውተሩ መነቀል አለበት፤ ተሰክቶ ከቆየ ቆላፊው እርሱንም ያገኘዋል።