የምድር ጫፍ የምትባለው የወደብ ከተማ

ዛሬ ሩቅ አገር ይዣችሁ ልሄድ ነው። ካርታ ያላችሁ ዘርጉት። የሌላችሁም ግድ የለም፣ በሐሳብ እንሄዳለን። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

የምንሄድባት ከተማ ኡሽዋያ ትባላለች። የወደብ ከተማ ናት። ወደብ ማለት መርከብ የሚጠጋበት፣ ዕቃ የሚጫንበትና የሚራገፍበት የባሕር ዳር ቦታ ነው። አገሯ አርጀንቲና ነው። ከአፍሪካ ተነሥታችሁ ወደ ምዕራብ ሰፊውን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ተሻገሩ። ደቡብ አሜሪካን ታገኛላችሁ። ምድሩ ወደ ደቡብ እየጠበበ እንደ ጅራት ይቀጥናል። ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ ደሴት አለ። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። ኡሽዋያ ያለችው በዚያ ደሴት ደቡብ ዳርቻ ነው።

እንዴት ይኬዳል? የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2018 ወደ አርጀንቲና ዋና ከተማ ወደ ቦነስ አይረስ በረራ ጀምሯል። ከቦነስ አይረስ እስከ ኡሽዋያ በሌላ አውሮፕላን ከ3 ሰዓት በላይ ያስኬዳል። በመኪና ልሂድ ያለ ሰው ግን ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መንገዱ ከተማዋን ጥቂት አልፎ ባሕር ዳር ያበቃል። ሰዎች «የምድር ጫፍ» የሚሏት ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ነው፤ ከባሕሩ ማዶ በበረዶ የተሸፈነው አንታርክቲካ አለ። በመርከብ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል። ወደዚያ የሚሄዱት አብዛኞቹ የጎብኚ መርከቦች የሚነሡት ከኡሽዋያ ወደብ ነው።

በእኛ አገር ቀንና ሌሊት እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። እዚያ እንዲህ አይደለም። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በሰኔ ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ወጥታ በ11 ሰዓት ትጠልቃለች። ሰኔ ክረምታቸው ነው። የእነሱ ክረምት ግን የበረዶ እንጂ እንደኛ የዝናብ ክረምት አይደለም። ለመጎብኘት የሚመቸው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል፤ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል።

ከተማዋ በስተ ኋላዋ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ በፊቷ ቀጭን የባሕር ወሽመጥ አላት። ተራራውን ደን ሸፍኖታል። በወሽመጡ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የባሕር አንበሶች ተጋድመው ይታያሉ። ፔንግዊኖችም አሉ። ፔንግዊን መብረር የማይችል፣ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚሄድ፣ ዋና ግን እንደ ዓሣ የሚያውቅ ወፍ ነው።

ይህ ሁሉ ውበት ያለ ሰው መከራ የቆመ አይምሰላችሁ። የከተማዋን ትልቅ እስር ቤት ከ1902 ጀምሮ የሠሩት እስረኞቹ ራሳቸው ናቸው። ማምለጥ ከንቱ ነበር፤ ያመለጠ ሰው ወዴት ይሄዳል? ብርዱና ረሃቡ ይመልሱታል። እስረኞቹ በባቡር እየተጓዙ ደን ይቆርጡ ነበር። የዛፎቹ ጉቶ እስከ ዛሬ ይታያል። አንዳንዱ ጉቶ ከፍ ያለ ነው፤ በረዶ በተቆለለበት ወራት ስለተቆረጠ ነው። እስር ቤቱ በ1947 ተዘጋ። ዛሬ ሙዚየም ነው።

ደኑን ሌላም ነገር ጎድቶታል። በ1946 መንግሥት ከካናዳ 10 ጥንድ ያህል ቢቨሮች አስመጣ። ቢቨር በጥርሱ ዛፍ ቆርጦ ወንዝ የሚገድብ ጠጉራም እንስሳ ነው። ቆዳው ገንዘብ ያመጣል ተብሎ ነበር። በካናዳ ቢቨርን የሚበሉ ተኩላና ድብ አሉ። እዚህ ግን የሚበላው አውሬ አላገኘም። ስለዚህ በአሥር ሺዎች ተባዛ። የካናዳ ዛፍ ቢቆረጥ ብዙውን ጊዜ ያቆጠቁጣል፤ የዚህ አገር ዛፍ ግን በግድቡ ውሃ ሲዋጥ ደርቆ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ኡሽዋያ» የሚለው ስም የማን ቃል ይመስላችኋል? የያጋን ሕዝብ ቃል ነው። ያጋኖች በዚያ ባሕር ላይ ከ6,000 ዓመት በላይ ኖረዋል። ከዛፍ ልጥ ታንኳ ይሠሩ ነበር። በታንኳው ውስጥ አፈር አንጥፈው እሳት ያነዱ ነበር። ሴቶቹ ቀዝቃዛው ባሕር ውስጥ ጠልቀው ምግብ ያወጡ ነበር። በ1520 ማጄላን የተባለው መርከበኛ በዚያ ሲያልፍ የአገሬውን ሰዎች እሳት ከሩቅ አየ። ደሴቱ «የእሳት ምድር» የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1871 ቶማስ ብሪጅስ የሚባል እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ ኡሽዋያ ተቀመጠ። ቋንቋቸውን ተምሮ ቃላቸውን እየጠየቀ ጻፈ። የጻፈው መዝገበ ቃላት 32,000 ያህል ቃላት ይዟል። መቼም ያልተማረ ሕዝብ ቋንቋው ደሃ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ቁጥር ንገሩት።

በ1880ዎቹ ግን ከውጭ በመጡ ሰዎች ምክንያት ኩፍኝ ገባ። ሕዝቡ በሽታውን አያውቀውም ነበርና አለቀ። የተረፉት ልጆች ስፓኒሽ እየተናገሩ አደጉ። ከወሽመጡ ማዶ፣ በቺሊ በኩል፣ ወይዘሮ ክሪስቲና ካልዴሮን የሚባሉ እናት ይኖሩ ነበር። ከ2005 በኋላ በያጋን ቋንቋ አፋቸውን ከፈቱት ሰዎች እሳቸው ብቻ ቀሩ። አስቡት፤ በእናታችሁ ቋንቋ የሚመልስላችሁ ሰው ሲታጣ! እሳቸው ግን ዝም አላሉም። ከልጅ ልጃቸው ጋር ሆነው ቃላትና ተረት እየሰበሰቡ በጽሑፍ አስቀሩ። በየካቲት 2022 በ93 ዓመታቸው አረፉ። የያጋን ሕዝብ አልጠፋም። ልጆቹ ዛሬ ቋንቋውን መማር ሲፈልጉ የሚሄዱት ወደ ተጻፈውና ወደ ተቀዳው ነው። ያልተጻፈውን ከየት ያምጡት?

ውድ አድማጮች፣ በአገራችን በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደገ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። እናንተም ፊደል ስታውቁ የሌላውን ጽሑፍ ማንበብ ብቻ አይደለም የምትችሉት፤ የራሳችሁንም ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

ስለዚህ ለዚህ ሳምንት ሥራ ልስጣችሁ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ አንድ ሽማግሌ ወይም ወደ አንዲት አሮጊት ሂዱ። ልጆቻችሁ የማያውቋቸውን አሥር ቃላት ጠይቁ፤ የዛፍ ስም፣ የዕቃ ስም፣ የመድኃኒት ቅጠል ስም ይሁን። በቤታችሁ በሚነገረው ቋንቋ ጻፉት። ከጎኑም ፍቺውን አስፍሩ። የነገራችሁን ሰው ስምም አትርሱ።

በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።