የበረንዳው ባለይዞታዎች

ፒያሳ የልብስ ስፌት ሱቅ በነበረኝ ዓመታት፣ ማታ ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ በረንዳው የእኔ አልነበረም። የሌሊት ባለቤቶች ነበሩት።

ብዙዎቻችን ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው እንቅልፍ ካዳፋው ቦታ የሚተኛ ይመስለናል። በእኔ በር ግን አራት ሰዎች ያድሩ ነበር፤ የአራቱም ቦታ የታወቀ ነው። ዝናብ የማይደርስበት ጥግ ሕፃን የያዘችው እናት ነው። በዚህ የሚከራከር አልነበረም። ነፋስ የሚገባበት የደረጃው በኩል መጨረሻ ለመጣው ይደርሳል። አዲስ ሰው ዝም ብሎ አያነጥፍም፤ አንጋፋውን «ጋሼ፣ ልደር?» ብሎ ያስፈቅዳል።

የይዞታው ምልክት ካርቶን ነው። ቀን ቀን ተጣጥፎ ከቆጣሪው ሳጥን ጀርባ ይቀመጣል። ብርድ ልብሱ በማዳበሪያ ታስሮ ከጎናችን ካለው ሊስትሮ ዘንድ ይውላል። አንደኛው ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ጎረቤቱ ካርቶኑን ማታ ማታ ያነጥፍለት ነበር። ሊተኛበት የመጣውን ሁሉ «ባለቤት አለው» እያለ ይመልሳል። ሳይናገር የጠፋ ሰው ግን ቦታውን ያጣል። መሸጥም የለም።

ቡሌ በፌስታል ያመጣ ለሁሉም ያቀርባል፤ ዛሬ ባዶ እጁን የመጣ ነገ ማምጣት አለበት። ዳቦ የሰረቀ ይሰደባል። ብርድ ልብስ የሰረቀ ግን ይባረራል፣ በሐምሌ ሌሊት ብርድ ልብስ ነፍስ ነውና። ለእኔም ኪራይ ይከፍሉ ነበር ማለት ይቻላል፦ ሳይነጋ በረንዳውን ይጠርጋሉ፣ ቁልፌን የነካ ሌባም አልነበረም።

ደንቡ ሁሉ ደግ ነው አልልም። ጉልበተኛ መጥቶ ከትንንሾቹ ሳንቲም ሲቀማ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ የሚከሰስበት ቦታ የለም።

ሕጉ ፈጽሞ አያውቃቸውም ማለትም አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የያዘን ሰው እንደ ባለቤቱ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ብርድ ልብሱ የእነሱ ነው። ጥጉ ግን የሚጸናው በጎረቤት ምስክርነት ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ሕንፃው ፈረሰ። ካርታ ያለው ካርታውን፣ የቀበሌ ተከራይ ውሉን፣ እኔም ንግድ ፈቃዴን ይዘን ተሰለፍን። ያቺ እናት የነበሯት ሦስት ምስክሮች ነበሩ፤ እነሱም በየፊናቸው ተበተኑ።

ሊስትሮው አሁን ሌላ ሰፈር ይሠራል። ሲሄድ አንድ ያልተወሰደ ማዳበሪያ ይዞ ሄዷል። ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቅሁት፤ የራሱ ስላልሆነ አልፈታውም።