ክሬዲት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

የምዝገባ ሰሞን ሲደርስ በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዘንድ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «12 ክሬዲት ይቻላል ወይስ አይቻልም?» የሚል ነው። መልሱ በሒሳብ የሚገኝ ስለ ሆነ አብረን እናስላው።

ክሬዲት ሰዓት ከአሜሪካ የመጣ ሚዛን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ የካርኔጊ ድርጅት ለመምህራን ጡረታ ለመስጠት ሲነሣ ትምህርትን በሰዓት መቍጠር አስፈለገው፤ ልማዱም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979፥ የዶክትሬቱን በ1987 ነው።

አንድ ክሬዲት ማለት በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ክፍል ገብቶ መማር ነው። ነገር ግን ለዚያች አንድ ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ይታሰባል። እንግዲህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት፥ 12 ክሬዲት ደግሞ 36 ሰዓት ይወስዳል። ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. የሚባለው የአውሮፓ ሚዛን ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ጠቅላላ ሥራ ስለ ሆነ ሁለቱን ቍጥሮች አናምታታ።

ከመካከላችን ብዙዎቹ ቀን በሥራ ውለው ማታ የሚማሩ ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መደበኛው ሥራ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ነው። 36 ሲጨመርበት 84 ይሆናል። ሳምንቱ በጠቅላላው 168 ሰዓት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ብንተኛ 56 ይሄዳል። የሚተርፈው 28 ሰዓት፥ ማለት በቀን 4 ሰዓት ብቻ ነው። የሽሮ ሜዳ የታክሲ ሰልፍ፥ እራት፥ ልጅ ማስጠናት፥ ዕድርና ለቅሶ ሁሉ የሚከፈለው ከዚህችው ነው። 6 ክሬዲት ብቻ ብንይዝ ግን ትርፉ 46 ሰዓት ይደርሳል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ የባሰ ያታልላል። በብዙ የትምህርት ክፍሎች 6 ክሬዲት ተብሎ ይጻፋል፤ ክፍል ስለሌለው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ናሙና የሚሰበስብ ተማሪ እንደሚያውቀው፥ አበባው የሚፈካው በራሱ ወራት እንጂ በሬጅስትራር የጊዜ ሰሌዳ አይደለም።

ክሬዲት የውጤትም ሚዛን ነው። በባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ኤ፥ በባለ 2 ክሬዲት ቢ ያገኘ ሰው አማካዩ 3.6 ነው፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ግን 3.4 ይሆናል። ስለዚህ ጊዜ ካጠረን መጀመሪያ የሚጠናው ክሬዲቱ የከበደው ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ትምህርቱን ያቋረጠ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ከሰዓቱ በላይ የተሸከመም አለ። የአድና ድሮፕ ቀን ሳያልፍ እያንዳንዳችን ሳምንታችንን በወረቀት ላይ እናስፍር፤ ከአማካሪያችንም ጋር እንነጋገር። የትምህርት ክፍሎችም ከክሬዲቱ ጎን ኮርሱ በእውነት የሚጠይቀውን ሰዓት ቢጽፉልን፥ ብዙ ወገን ከመንገድ ባልቀረ ነበር።