ከዋክብትን ለማንሣት የሚሆን ሌንስ ስለ መምረጥ

በካሊፎርኒያ አገር፣ በሐሚልተን ተራራ ራስ ላይ፣ ሊክ የሚባል የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1889 በዓለም ላይ ከነበሩት ባለ ሌንስ ቴሌስኮፖች ሁሉ የሚበልጠው በዚሁ ጣቢያ ይገኝ ነበር፤ የፊት ሌንሱ ስፋት 91 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የጣቢያው ባልደረባ ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ ፍኖተ ሐሊብን ፎቶግራፍ ለማንሣት በፈለገ ጊዜ ግን ወደዚህ ታላቅ መሣሪያ አልሄደም። የወሰደው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከነበረ ፎቶግራፍ ቤት የተገዛውን፣ ቀድሞ የደንበኞች ፊት ይነሣበት የነበረውን አሮጌ ሌንስ ነው። ስፋቱ 15 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነበር። ይህን ሌንስ ከአንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ ጋር አጣምሮ፣ አንድ ኮከብ በዐይኑ እየጠበቀ፣ መሣሪያውንም በእጁ እየመራ ለሰዓታት ይቀመጥ ነበር። በዚህ አኳኋን ያነሣቸው ሥዕሎች የፍኖተ ሐሊብን የከዋክብት ክምችትና በመካከላቸው ያሉትን ጥቁር ስፍራዎች በሚያስደንቅ ግልጽነት አሳዩ።

ባርናርድ የፎቶግራፍን ሥራ የተማረው ከመጽሐፍ አልነበረም። በ1857 በናሽቪል ከተማ ከድኻ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጥሮ ነበር። ስለዚህ የፊት ፎቶግራፍ ሌንስ ምን ጠባይ እንዳለው ያውቃል። በቀድሞው ዘመን ሥዕሉ የሚቀረጽበት ሰሌዳ ብርሃን ለመቀበል ዝግተኛ ነበር፤ የሚነሣውም ሰው ለብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ የሌንስ ሠሪዎች የብርሃኑን መግቢያ በተቻለ መጠን ሰፊ ያደርጉት ነበር። ደካማው የሰማይ ብርሃን የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ታላቁ ቴሌስኮፕ ከሰማዩ ጥቂቱን ብቻ አጉልቶ ስለሚያሳይ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋውን ፍኖተ ሐሊብን ሊይዝ አይችልም ነበር።

ይህን ታሪክ ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ካሜራ ይዞ ከዋክብትን ለማንሣት የሚመኝ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው «እጅግ ሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ባገኝ» ብሎ ነው። ከዋክብት ሩቅ ናቸውና አሳቡ ትክክል ይመስላል። እኔም በዚሁ አሳብ ተመርቼ ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር የሚረዝምና የሚያጥር ሌንስ ገዛሁና የአንድ በጋ ሌሊቶችን በከንቱ አሳለፍሁ። ሌንሱን ወደ ሰማይ ባቀናሁት ቍጥር ቱቦው በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ተደክሞበት የተስተካከለውም ጥራት አብሮ ይጠፋል። ሌንሱ ለቀን ሥራ መጥፎ አልነበረም፤ ጥፋቱ ሳያመዛዝን የገዛው ሰው ነው። ገንዘቡ የተነሣው ለልጆች ትምህርት ቤት ከተቀመጠው ላይ መሆኑን ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

እንግዲህ ሌንስ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሁለት ቍጥሮችን ማንበብ ይማር። በሌንሱ አፍ ዙሪያ ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው የትኩረት ርቀት ይባላል፤ በሚሊሜትር የሚለካ ሲሆን፣ ሥዕሉ ምን ያህል እንደሚጎላና ከሰማዩ ምን ያህሉ እንደሚያዝ የሚወስነው እርሱ ነው። ሁለተኛው «ኤፍ» ተብሎ የሚጠራው ነው፤ የትኩረቱን ርቀት በዚህ ቍጥር ብናካፍለው የብርሃኑ መግቢያ ስፋት ይገኛል። ለምሳሌ 135 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2 የሆነ ሌንስ የመግቢያው ስፋት 67.5 ሚሊሜትር ነው። የእኔው ሌንስ ግን በ300 ሚሊሜትር ላይ ኤፍ 5.6 ስለ ሆነ ከ54 ሚሊሜትር አያልፍም። ስለዚህ ረጅሙ ሌንስ ጠባብ በር፣ አጭሩ ሰፊ በር ያላቸው ሆነው ተገኙ። ከዚህም በላይ ረጅሙ ያንኑ ጥቂት ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ይበትነዋል። በከዋክብት መካከል ያለው የጋዝና የአቧራ ደመና ኔቡላ ይባላል፤ የእርሱን ብርሃን በኤፍ 2 በአንድ ሰዓት የምናገኘውን ያህል በኤፍ 5.6 ለማግኘት ስምንት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ይህም በአገራችን ሌሊቱ ፈጽሞ ጨለማ ከሚሆንበት ጊዜ ብዙውን ክፍል የሚጨርስ ነው።

የሰፊ በር ጥቅም ሊቃውንቱንም የሳበ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲው ፒተር ቫን ዶኩምና የቶሮንቶው ሮቤርቶ አብርሃም፣ በገበያ የሚሸጡትን የካኖን 400 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሌንሶች በአንድነት አስረው በኒው ሜክሲኮ ተከሉ፤ መሣሪያውንም ድራጎንፍላይ አሉት። በጥቂት ሌንሶች ጀምረው፣ በ2015 ኮማ በተባለው የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ 47 እጅግ ደብዛዛ ጋላክሲዎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። በኋላም የሌንሶቹ ቍጥር 48 ደረሰ፤ ሁሉም ተደምረው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ ያህል ብርሃን ይሰበስባሉ።

የሰማዩን ስፋት ሳያሰላ ሌንስ የሚገዛ ሰው፣ ሰውነቱን ሳይለካ ልብስ እንደሚያሰፋ ሰው ነው። ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ግን፣ ምንም እንኳ ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ቢርቅ፣ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ዲግሪ ያህል ይዘልቃል፤ ይኸውም ስድስት ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚይዘው ቦታ ነው። ሙሉ ስፋቱ ለዐይን የማይታየው ስለሚያንስ ሳይሆን ስለሚደበዝዝ ነው። የሥዕል መቀበያው 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነ ካሜራ ላይ፣ የ135 ሚሊሜትር ሌንስ 15 በ10 ዲግሪ ያህል የሰማይ ክፍል ይይዛል፤ የ200 ሚሊሜትር ወደ 10 በ7፣ የ85 ሚሊሜትር ደግሞ 24 በ16 ነው። የካሜራው መቀበያ አነስተኛ ከሆነ የሚያዘው ሰማይ በዚያው መጠን ይጠባል።

በአገራችን ደግሞ ወራቱን መቍጠር ያስፈልጋል። የፍኖተ ሐሊብ እጅግ የደመቀው ክፍል በምሽት ከፍ ብሎ የሚታየው በክረምት፣ ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ጊዜ ነው። እርሱን የሚሻ ሰው በመጋቢትና በሚያዝያ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መነሣት አለበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ጥርት ያሉ ምሽቶች የሚታዩት አንድሮሜዳ፣ በመጽሐፈ ኢዮብ የተጠቀሱት ሰባቱ ከዋክብትና ኦሪዮን ናቸው። ኦሪዮን ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአናት በላይ ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ከትከሻው እስከ እግሩ 19 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ ሙሉ አካሉን የሚይዘው የ85 ሚሊሜትር ሌንስ ነው፤ መታጠቂያውንና ሰይፉን ከነኔቡላው ለብቻ ለማንሣት ግን የ135 ሚሊሜትር በሚገባ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላው ነገር የምድር መዞር ነው። በ135 ሚሊሜትር ሌንስ ሲነሣ፣ የኦሪዮን መታጠቂያ ኮከብ በካሜራው መቀበያ ላይ በእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ያህል ይጓዛል። ይህ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን በሁለት በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ነጥቡን ወደ ሰረዝ ለመለወጥ በቂ ነው። ባርናርድ በእጁ ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ ከሰማዩ ጋር እኩል የሚዞር ትንሽ የሞተር መቆሚያ ይሠራዋል። ይህ መቆሚያ የሌለው ሰው ረጅም ሌንስ ባይገዛ እመክራለሁ፤ ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ መቆሚያው ይቅደም። በእጁ ያለው የ50 ሚሊሜትር ሌንስ በመቆሚያው ላይ ሆኖ የሚያነሣው ሥዕል፣ ያለ መቆሚያ በ300 ሚሊሜትር ከሚነሣው ይሻላል። መቆሚያው የሰሜንን ኮከብ አነጣጥሮ የሚተከል ሲሆን፣ ያ ኮከብ በአዲስ አበባ ከአድማስ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ተራራ ወይም ዛፍ የማይጋርደው ቦታ መፈለግ ያሻል።

መቆሚያው ከተገኘ በኋላ የእኔ ምርጫ ርዝመቱ የማይለዋወጥ፣ ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 2.8 የሆነ የ135 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ሳምያንግ የተባለው የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ በ2015 ያወጣው፣ በእጅ ብቻ የሚስተካከለው ኤፍ 2 ሌንስ በከዋክብት አንሺዎች ዘንድ የተመሰገነ ነው። ለቤተሰብም ሌላ ጥቅም አለው፤ ይህ ርዝመት የሰው ፊት ለማንሣት እጅግ የሚስማማ ስለ ሆነ፣ ሌሊት ኦሪዮንን ያነሣው ሌንስ ቀን የልጅ ክርስትናን ያነሣል። እኔ ሁለተኛውን ግዢ ለባለቤቴ ያስረዳሁት በዚህ ነው፤ ለጊዜው ተቀባይነት አግኝቷል።

ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ወደ መብራት አቅንቶ ውስጡን ይመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ካየ ይተወው። ቢቻል ግን ገንዘቡን ሳይከፍል ለአንድ ሌሊት ተውሶ ይሞክረው። አንድ ደማቅ ኮከብ በካሜራው መስኮት አጉልቶ እጅግ ትንሽ ነጥብ እስኪሆን ድረስ ቀለበቱን በእጁ ያስተካክል። ብዙ ሌንሶች ከመጨረሻው ሩቅ ምልክት አልፈው ስለሚዞሩ በምልክቱ ብቻ መታመን አይገባም። ከዚያም በሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ያንሣና የሥዕሉን አራት ማዕዘኖች ይመርምር። በአራቱም ማዕዘን ከዋክብቱ ክንፍ ያወጡ ቢሆኑ፣ በሩን አንድ ደረጃ ማጥበብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በአንዱ ማዕዘን ብቻ ተበላሽተው በሦስቱ ደኅና ከሆኑ ግን በውስጡ ያለ አንድ መስተዋት ከስፍራው ያዘነበለ ነውና ሌንሱን ለባለቤቱ ይመልስ። በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ ሁለት ሌንሶች እንኳ በዚህ ይለያያሉ። በደማቅ ከዋክብት ዙሪያ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለበት ቢታይ፣ ሌንሱ ቀለማቱን ሁሉ በአንድ ነጥብ አላገናኘም ማለት ነው።

ጥራቱ ከተስተካከለ በኋላ ቀለበቱ እንዳይንቀሳቀስ በፕላስተር ቢታሰር መልካም ነው። በደጋ አገር በበጋ ሌሊት ጤዛ በፊተኛው መስተዋት ላይ ስለሚወርድ፣ ከፊቱ የጥላ ቱቦ ይደረግለት፤ በየግማሽ ሰዓቱም በትንሽ የእጅ ባትሪ ይታይ። ጤዛው ቢገኝ በጨርቅ አይጠረግም፤ ሌንሱ ጥቂት ሙቀት ሲያገኝ ራሱ ይለቃል።