አዟሪው ቻናል፦ በአነስተኛ ገንዘብ መጽሐፍ የመሸጥ ዘዴ

የቴሌግራም የመጽሐፍ ቻናል ማለት ደራሲ፣ አሳታሚ ወይም መጽሐፍ ሻጭ ያለ ክፍያ የሚከፍተው፣ ተከታዮች የሚለጠፈውን የሚያነቡበትና የሚያዳምጡበት፣ መግዛት የፈለገ ደግሞ በውስጥ መስመር ከሻጩ ጋር የሚነጋገርበት የስልክ ላይ ሱቅ ነው። በአዲስ አበባ መጽሐፍ በክንዳቸው ከምረው ከካፌ ካፌ የሚዞሩት አዟሪዎች ለብዙ ዘመን የሠሩትን ሥራ፣ ማለትም መጽሐፍን ፈላጊው ከተቀመጠበት ማድረስን፣ ዛሬ ቻናሉም ይሠራል፤ አዟሪው የሚይዘው ክንዱ የቻለውን ያህል ሲሆን፣ ቻናሉ ግን ሐዋሳም ሆነ ደሴ ላለ አንባቢ በአንድ ጊዜ ይታያል።

የዚህ ሱቅ ጥቅም የሚገባው የመጽሐፍ ገንዘብ በምን መንገድ እንደሚሄድ ሲታይ ነው። በራሱ ወጪ የሚያሳትም ደራሲ የማተሚያ ቤቱን ክፍያ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ከዚያም መጽሐፉን ለአከፋፋይ ያስረክባል። አከፋፋይ በጅምላ ተረክቦ ለመደብሮችና ለአዟሪዎች የሚያዳርስ ነጋዴ ሲሆን፣ ከሽፋን ዋጋው ላይ የራሱንና የቸርቻሪውን ድርሻ ያስቀራል። ለስሌት ያህል የሽፋን ዋጋው 500 ብር የሆነ መጽሐፍ ተሸጦ 35 በመቶው ለእነዚህ ሁለቱ ቢውል፣ 175 ብር ከደራሲው እጅ ይወጣል፤ በቻናል በቀጥታ የተሸጠ መጽሐፍ ግን ከማድረሻ ወጪው በቀር ይህን ገንዘብ ለደራሲው ያስቀርለታል። አከፋፋዩ ደራሲው በራሱ ሊደርስባቸው የማይችላቸውን ከተሞች ስለሚያዳርስ ድርሻው ያለ አግባብ የሚወሰድ አይደለም፤ ሁለቱን መንገዶች አጣምሮ መያዝ አንዱን ጥሎ ሌላውን ከማንጠልጠል ይሻላል።

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረ ሲሆን ቻናል የተባለውን አገልግሎት በ2015 ጨመረ። ፌስቡክ የትኛው ጽሑፍ ለማን እንደሚታይ በራሱ ስሌት ሲመርጥ፣ በቻናል የተለጠፈ ጽሑፍ ግን በተለጠፈበት ቅደም ተከተል ለተከታዩ ሁሉ ይደርሳል፤ ከጽሑፉ ግርጌ የምትታየው የዓይን ምልክትም ስንት ጊዜ እንደታየ ትቆጥራለች። በፌስቡክ ከፍሎ ማስተዋወቅ ለኢትዮጵያ ደራሲ ሌላም እንቅፋት አለበት፤ ክፍያው በአብዛኛው የውጭ ምንዛሪ የሚያወጣ ካርድ ይጠይቃል። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ሻጭ በገንዘብ ፈንታ የሚያወጣው ጊዜና ትጋት ነው።

ትጋቱ የት እንደሚውል ግን መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ቻናሎች የሽፋኑን ፎቶ፣ ዋጋውንና ስልክ ቁጥሩን ለጥፈው «ያሉበት ድረስ እናደርሳለን» ከማለት አያልፉም፤ ይህ መጽሐፉ መኖሩን ይናገራል እንጂ የማንበብ ፍላጎትን አይቀሰቅስም። አንባቢን የሚይዘው መጽሐፉ ራሱ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርከው ማንበብ ለማይችለው ሰው እንኳ የደረሰው፣ ስለ መጽሐፉ ስለተወራ ሳይሆን መጽሐፉ ራሱ ስለተሰማ ነው። ዛሬ ደራሲው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ስልኩን ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቢያነብና ድምፁን ቢለጥፍ፣ ያለ አንዳች ወጪ የዚያን የሬዲዮ ትረካ ሥራ በመጠኑ ይሠራል። አንድ ሙሉ ምዕራፍ በነጻ መስጠት ኪሳራ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ምዕራፉን ጨርሶ ቀጣዩን የሚፈልግ አንባቢ ከማንኛውም ሙገሳ የበለጠ የታመነ ገዢ ነው።

ግዢው የሚፈጸመው በቀላል ሥርዓት ነው። ገዢው ገንዘቡን በባንክ ሒሳብ ወይም ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. በጀመረው ቴሌብር ይልካል፤ የክፍያውን ማረጋገጫ ከስልኩ ገጽ ላይ ፎቶ አንሥቶ ከነአድራሻው በውስጥ መስመር ያስተላልፋል፤ መጽሐፉም በከተማ ውስጥ በሞተረኛ፣ ወደ ክፍለ አገር በፖስታ ወይም በአገር አቋራጭ አውቶብስ ይሄዳል። ከዚህ ሥርዓት የሚወለደው ቅድመ ሽያጭ በተለይ አነስተኛ አቅም ላለው ሻጭ ጠቃሚ ነው፤ ቅድመ ሽያጭ መጽሐፉ ሳይታተም ከአንባቢ ላይ ዋጋውን ተቀብሎ ለማተሚያ ወጪ ማዋል ነው። ይህ የሚቆመው በእምነት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ መጽሐፉ የሚደርስበት ቀን ከተነገረ በኋላ ቢዘገይ እንኳ ምክንያቱን ለከፈለው ሰው በየጊዜው ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ውጭ አገር ላለው አማርኛ አንባቢ፣ ለምሳሌ ለዋሽንግተን አካባቢው ማኅበረሰብ፣ የሚስማማው ደግሞ በትእዛዝ ማተም የሚባለው ዘዴ ነው፤ ገዢ ሲያዝ አንዲት ቅጂ ብቻ ታትማ ስለምትላክለት ደራሲው መጋዘንም የከረመ ክምችትም አያስፈልገውም። በአማዞን የሚሸጡ ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት የሚታተሙት በዚህ መንገድ ነው፤ የአንዲቱ ቅጂ የማተሚያ ዋጋ ግን በብዛት ከሚታተመው ይበልጣል።

የዚህ ገበያ ትልቁ ቁስል ስርቆት ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት የሚጠብቅ ቢሆንም፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ የሆነ መጽሐፍ በዚያው በቴሌግራም በነጻ ይዞራል። ብዙ ዓመት የተደከመበት ሥራ እንዲህ ሲበተን ማየት ያሳዝናል፤ ፒዲኤፉን ከሚያወርዱት መካከል ግን መጽሐፉ የት እንደሚሸጥ ያላወቁ፣ ቢያገኙት የሚገዙ አንባቢዎችም አሉ። ቴሌግራም በመፈለጊያው ላይ ለተጻፈ ቃል ይፋዊ ቻናሎችን በስማቸው ስለሚያወጣ፣ የመጽሐፉን ርእስ በቻናሉ ስም ውስጥ ያስገባና ዋጋውንና ማዘዣ ቁጥሩን ከላይ የሰካ ደራሲ፣ ርእሱን የሚጽፍ አንባቢ ከተሰረቀው ፋይል ጎን የእርሱንም ሱቅ እንዲያገኝ ያደርጋል።