በዳኑብ ወንዝ ላይ የመጀመሪያዋ ቀን

በባሕር ላይ የሚደረግ የመርከብ ጉዞና በወንዝ ላይ የሚደረገው ለየቅል ናቸው። በባሕሩ ላይ ተጓዡ አንዳንዴ ለቀናት ከውኃና ከሰማይ በቀር የሚያየው የለም። በወንዙ ላይ ግን ዳርቻው ከመስኮት አይርቅም፤ የሚያናውጥ ማዕበል የለም፤ መርከቡም በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ከተማ ላይ ይቆማል። በዕድሜ የገፉ ወላጆችንና ልጆችን ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለፈው ሰኔ እናታችንንና ሦስት ልጆቻችንን ይዘን፣ ከምንኖርበት ከጀርመን አገር ወደ ቡዳፔስት ሄደን፣ ከዚያ በዳኑብ ወንዝ ሽቅብ ለመጓዝ ስንወስን ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ስለ ጉዞው ሁሉ ለመጻፍ ቦታው አይበቃንም። አብዛኛው ነገር የሚወሰነው በመጀመሪያው ቀን በመሆኑ፣ ውድ አንባቢያን፣ ስለዚያች ቀን ብቻ እናውጋችሁ።

ዳኑብ ከጀርመን ጥቁር ደን ተነስቶ፣ 2,850 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ 10 አገሮችን እየነካ ጥቁር ባሕር ይገባል። ቪየና፣ ብራቲስላቫ፣ ቡዳፔስትና ቤልግሬድ፣ አራት ዋና ከተሞች፣ በዳርቻው ተቀምጠዋል። የመርከቡ ክፍሎች እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ስለማይከፈቱ ሻንጣችንን ጠዋት አስረክበን፣ ከወንዙ በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ ቡዳ ተሻገርን። ይህ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1541 እስከ 1686 በዑስማኒያ መንግሥት ሥር ነበር። በሮዛዶምብ ኮረብታ ላይ ባለ ስምንት ማዕዘንና ባለ ጉልላት የሆነ የጉል ባባ መቃብር ዛሬም ቆሞ ይገኛል። ጉል ባባ የቤክታሺ ደርቪሽ ሲሆኑ፣ ያረፉት ከተማው በተያዘበት በ1541 ነው። መቃብሩ የተሠራው ከ1543 እስከ 1548 ባለው ጊዜ ነበር። ዑስማኒያዎች ሲወጡ ኢየሱሳውያን መነኮሳት የጸሎት ቤት አድርገውት ነበር። ታድሶ እንደገና የተከፈተው በ2018 ነው። እኛ የሄድነው ታሪክን ለልጆቻችን ለማሳየት እንጂ ከሟች የምንለምነው ኖሮ አይደለም። ጽጌረዳው ግን ያምራል።

ከኮረብታው ስንወርድ የማርጊት ድልድይ ፊት ለፊታችን መጣ። የ15 ዓመቷ ልጃችን ያነበበችውን ለአያቷ ማጫወት ጀመረች። ሜይ 29 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ማታ፣ በዚሁ ድልድይ አጠገብ፣ ሀብለያን የምትባል ትንሽ ጀልባ ከአንድ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ከተሳፈሩት 35 ሰዎች የተረፉት 7 ብቻ ናቸው። 33ቱ የደቡብ ኮሪያ ዜጎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም አገር ጎብኚዎች። እናታችን ዝም ብለው ሰሙና፣ «እኔ ቋንቋቸውን አልሰማ፤ ይህ መርከብ ሌሊት ቢሰጥም ማን በአማርኛ ይጠራኛል?» አሉ። መልስ አልነበረንም። «እኔ ሆቴል ልቆይ፣ እናንተ ሂዱ» እስከ ማለት ደረሱ።

ወደ መርከቡ የገባነው በዚህ ስሜት ነው። ርዝመቱ 135 ሜትር ሲሆን ስፋቱ ግን ከ12 ሜትር ያንሳል፤ ማይንና ዳኑብን በሚያገናኘው ቦይ ላይ ያሉት የውኃ በሮች 12 ሜትር ብቻ ስለሚሰፉ ከዚያ የሰፋ መርከብ አያልፍም። ልጆቹን ያስደነቃቸው ግን በዝቅተኛ ድልድይ ሥር ለማለፍ የካፒቴኑ ክፍል ወደ ታች መውረዱ ነበር። የታችኛው ፎቅ ክፍሎች ርካሽ ናቸው፤ በብዙ መርከቦች ግን ሊፍቱ እስከዚያ አይወርድም፣ መስኮቱም ከውኃው እምብዛም አይርቅም። አዛውንት ያለው ቤተሰብ እዚህ ላይ ባይቆጥብ እንመክራለን።

ከመነሳት በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ ግዴታ ነው። ማስረዳቱ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ነበር፤ እናታችን አንዱንም አያውቁም። ለአስተናጋጇ ስንነግራት ከስብሰባው በኋላ ክፍላቸው ድረስ መጣች። ልጃችን እያስተረጎመች፣ የሕይወት ማትረፊያ ጃኬቱን በሻሻቸው ላይ አጥልቀው ሦስት ጊዜ አሰሩት፣ ፈቱት። ከዚያ ከአልጋቸው እስከ ደረጃው ያለውን እርምጃ ቆጠሩ፤ 22 ሆነ። ልጅቷ ከአያቷ ጋር እንድታድር፣ ደወል ቢሰማ ከማንም በፊት እሷ እንድትቀሰቅሳቸው ተስማማን። ስለ ሆቴል ዳግመኛ አላነሱም።

የምግቡ ነገር ከሁለት ወር በፊት በደብዳቤ ያለቀ መስሎን ነበር። የወጥ ቤቱ ኃላፊ የምግብ ዝርዝሩን ይዞ ሲመጣ ግን ዓሣው በወይን ጠጅ የተቀቀለ፣ ጣፋጩም ምንነቱ ያልታወቀ ጄላቲን ያለበት ሆኖ ተገኘ። በሃንጋሪ ወጥ የበሬ ሥጋ እንኳ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይሠራል። ስለዚህ «አሳማ አንበላም» ማለት አይበቃም፤ ስቡን፣ ወይኑንና ጄላቲኑን ለይቶ መጥራት ያስፈልጋል። ሰውየው አልተከፋም፤ ለየብቻ በዘይት የተጠበሰ ዓሣ አመጣልን። ፓፕሪካውን የቀመሱት እናታችን «ቀለሙ በርበሬ ነው፤ ምነው ነፍስ የለው?» ብለው አሳቁን። ሃንጋሪዎች ድሮ ይህንኑ ቅመም «የቱርክ ቁንዶ በርበሬ» ይሉት እንደነበር ነገርናቸው።

ዙህርና ዐስርን እንደተሳፈርን አሳጥረን ሰግደናል። ማታው ግን ይከብዳል፤ በሰኔ ቡዳፔስት ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ገደማ ሲሆን፣ ዒሻእ እስኪገባ እኩለ ሌሊት ይቃረባል፤ ፈጅርም ወዲያው ይከተላል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሙሳፊር መግሪብና ዒሻእን ማገናኘት ስለሚፈቀድለት እኛ በዚሁ ተጠቀምን፤ ሐነፊዮች ግን እያንዳንዱን በወቅቱ ይሰግዳሉ። ቂብላው ከቡዳፔስት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። መርከቡ ወደ ሰሜን ሲሄድ ከኋላ በስተ ቀኝ ይሆናል፤ ከቫጽ ከተማ በላይ ወንዙ ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ ደግሞ ወደ ግራ ይዞራል። መርከብ ሲዞር ሰጋጁም የቻለውን ያህል ወደ ቂብላ መዞር እንዳለበት ሊቃውንት አስተምረዋል።

መርከቡ ገመዱን ሲፈታ የፓርላማው ሕንጻ በመብራት ወርቅ መስሎ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ፎቶ ለማንሳት ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ልጆቹም ተከተሉ። ክፍሉ ከሁለት ሰው በላይ ስለማያሰግድ ተራ ገባን። እናታችን ከሁሉም በኋላ ብቻቸውን ረጅም ዱዓእ አደረጉ። መስገጃቸውን አጥፈው ሲያበቁ፣ የሕይወት ማትረፊያ ጃኬቱን ወደ ቁም ሣጥኑ አልመለሱትም፤ ትራሳቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ መስኮቱን በእጃቸው ነካ አድርገው ተኙ።