የጠረጴዛ ልብስ በመጋዘን ሲበላሽ ኪሳራው የማን ነው?

የእህል ነጋዴ ማሽላው እንዳይነቅዝበት ሲጨነቅ ያድራል። የጨርቅ ነጋዴ ግን ነጩን ልብስ አጣጥፎ ከቆለፈበት በኋላ ያለ ሐሳብ ይተኛል። በቆቦና በራያ ቆላ እንዲህ ያለው እንቅልፍ ዋጋ ያስከፍላል።

ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በመቀሌው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቆቦ ሙቀቷ የታወቀ ነው። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ መጋዘን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበት ይታከልበታል። ለሸማኔ ሥራ የጠረጴዛ ልብስ፣ ለዳንቴልና ለመሶብ ሽፋን ጥሩ ገበያ የሚገኘው በሠርጉ ወር በጥር ነው። ከጥር የተረፈው ዕቃ እንግዲህ እዚያው ቤት ይከርማል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንዱን ልብስ በ100 ብር ገዝቶ በ110 ብር የሚሸጥ ነጋዴ፣ ከ10 ልብስ አንዱ ቢበላሽበት የሚሰበስበው 990 ብር ነው። ያወጣው ግን 1 ሺህ ብር ነበር።

ለመሆኑ ጥጥን የሚያበላሸው ምንድን ነው? ብዙዎች «ብል ነው» ይላሉ። ብል የሚወደው ሱፍን የመሰለ ከእንስሳ የሚገኝ ልብስ ነው፤ ንጹሕ ጥጥን እምብዛም አይነካም። ወደ ጥጥ ተባይ የሚጠራው ስታርችና የምግብ ቅሪት ነው። ስለሆነም ስታርች ነክሮ፣ ተኩሶ ማስቀመጥ ተባይን ለድግስ መጥራት ነው። ስታርቹም ካውያውም ለመሸጫው ወይም ለግብዣው ቀን ይቆዩ።

የድግስ ዕቃ አከራዮችንና የመንገድ ዳር ሆቴሎችን የሚጎዳው ግን ቢጫነት ነው። የወጥ ቅቤ ታጥቦ የለቀቀ ይመስላል፤ በዓይን የማይታየው ቅሪት ከአየር ጋር እየተዋሐደ ከወራት በኋላ ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል። «ንጹሕ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት» የሚል ባለቤት አልዋሸም። የበርበሬ ቀለም በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ አስቀድሞ ቅባቱን በሳሙናና በሙቅ ውኃ ማስለቀቅ፣ የቀረውን ቀይ ጥላ በፀሐይ ማስጣት ነው። የራያ ፀሐይ በዚህ ረገድ ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው። ባለ ጥለቱ ልብስ ግን ቀለሙ ስለሚለቅ ብዙ አይሰጣ። በረኪናም ቢሆን ጥለቱን ያጠፋል፣ ሲደጋገም ድርና ማጉን ያሳሳል።

ማስቀመጫውስ? ፌስታል እርጥበት አፍኖ ሻጋታ ያወጣል። የቆርቆሮ ሳጥን ዝገቱን ያስተላልፋል፤ የዝገት ነጠብጣብ ደግሞ በተራ ሳሙና አይለቅም። በጋዜጣ መጠቅለልም ቀለም ያስነካል (ይህችኛዋም አትቀርም!)። የሚሻለው ታጥቦ በደረቀ አቡጀዲ ጠቅልሎ፣ ከወለልና ከግድግዳ አርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር ነው። ከእህል ጋር አንድ ቤት ማሳደር አይገባም፤ ማሽላውን ፍለጋ የመጣ አይጥ ጎጆውን የሚሠራው በጨርቁ ውስጥ ነውና። ክረምቱ እንዳለፈ ልብሱን አውጥቶ ማናፈስና በአዲስ መስመር ማጠፍ ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር የታጠፈ ጨርቅ የሚሳሳው በዚያው በእጥፋቱ ነው።

የከረመ ዕቃ የሚገዛ ወይም የሚያደላድል ሰው የላዩን ንጣት አይቶ አይዋዋል። ከመካከል አንዱን መዝዞ ይዘርጋ፣ እጥፋቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይይ። ቢጫ መስመር ካየ ወይም ሻጋታ ከሸተተው ዋጋው የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።